ጊዮርጊስ በሕማማት የዋለ ዓመት

…ይሻገራል እንጂ አይሻርም፣ የኔታ ያሉት እንደዚያ ነው፣ በዓል በሰሙነ ሕማማት ላይ ከወደቀ ይሻገራል እንጂ አይሻርም፣ ስለዚህ ጊዮርጊስ ዛሬ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ቢሆንም ዛሬ አይደለም፣ ከፋሲካ ማግሥት በማዕዶት ሰኞ ነው የሚነግሠው፣ ታቦት አይወጣም፣ ከበሮ አይመታም፣ ይኼ ግልጽ ነው፣ ቄስ አስረስ ይኼን ለደብሩ ሰው ካስታወቀ ወር አልፎታል፣ ማንም አልተቃወመውም፣ አሁን ግን የየሺሀረግ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ከቤት ውስጥ ዋይታው እየወጣ፣ እግሩን ከመድረኩ ማሳለፍ አቅቶት ይኼንኑ ይደጋግማል፣ ይሻገራል እንጂ አይሻርም፣ ይሻገራል እንጂ። በዓሉስ ይሻገር። የሞተ ሰው ግን እስከ ሰኞ የት ሆኖ ይጠብቃል?

የሞተው ደርበው ነው። የየሺሀረግ አንድ ልጅ፣ ሃያ ሰባት ዓመቱ፣ ባለ ባጃጁ። ዛሬ ማለዳ ከውጫሌ ሰው ጭኖ ወደ ሐይቅ ሲመለስ ተኩስ መሀል ገባ፣ ተሳፋሪዎቹ ዘለው ቦይ ውስጥ ተኝተው ተረፉ፣ እሱ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ፣ የወታደር ይሁን የታጣቂ ጥይት የሚያውቅ የለም፣ የሚያውቅም ካለ አይናገርም፣ በ2016 ዓመተ ምሕረት ሰው ሁሉ ዝም አይነቅዝምን ተምሯል። ሳዑዲ፣ ጂዛን ድረስ በእግሩ ሄዶ የተመለሰ ልጅ ነው፣ በረሃውም ባሕሩም ያልበላው፣ ለውጥ መጣ በተባለ ጊዜ ከሐይቅ ልጆች ጋር አስፋልት ወጥቶ ሲጨፍር ጉሮሮው ተዘግቶ ሳምንት ሙሉ በእጅ ምልክት ነበር የሚያወራው፣ አስረስም ተቆጥቶት ነበር፣ አንተ ልጅ ለመንግሥት የጮህከውን ለማኅሌት ብትጮኸው ኖሮ ዛሬ መሪጌታ ነበርክ ብሎ፣ ደርበውም ስቆ፣ በእጁ፣ ማኅሌት ደመወዝ የለውም አባ ብሎት። እንዲህ ያለው ነገር አሁን ለምን ትዝ ይላል።

ግባ እንግዲህ፣ ምን ትገተራለህ፣ ካህን አይደለህ። ይገባል። ሴቶቹ ብድግ ይላሉ፣ አንዷ በልማድ ወደ መስቀሉ ጎንበስ ስትል ሌላዋ ቀሚሷን ትይዛታለች፣ ሕማማት ነው አንቺ፣ መስቀል አይሳለሙም፣ እሷም ደንግጣ ትመለሳለች፣ አስረስ መስቀሉን ከካባው ሥር ይከተዋል፣ ደስ ይለዋል፣ ያሳፍራል ግን ደስ ይለዋል፣ ዛሬ ማንም እጁን እንዲስምለት አይፈልግም። ሬሳው በነጭ አቡጀዲ ተገንዞ አልጋው ላይ ነው። የሺሀረግ ከአጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ አታለቅስም፣ ብታለቅስ ይሻል ነበር፣ የሚያለቅስ ሰው ብዙ አይጠይቅም።

አባ፣ ትላለች ቀና ሳትል፣ ዛሬ ጊዮርጊስ ነው። ነው የሺ። በስለት የሰጠኝ እሱ ነው፣ በቀኑ መልሶ ወሰደው፣ ይውሰድ፣ ምን አደርጋለሁ፣ ግን ሕማማት ነውና ፍትሐት የለም ይሉኛል፣ የሆሳዕናው ይበቃዋል አይደል?

ይበቃዋል እንጂ፣ ይላሉ ሴቶቹ ባንድ አፍ፣ ምን ነካሽ፣ ለዚሁ አይደል የሚነበበው፣ ተፈትቶ ነው የሞተው። አስረስ አፉን ይከፍታል፣ ያስለዋል፣ ሳሉ መልስ ይመስላል፣ የሺሀረግ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ተቀበለችው ማለት ነው፣ ሳል ተቀበለች፣ አየህ አስረስ፣ ምንም ሳትናገር ዋሸህ።

ሕጉን ሕፃን ያውቀዋል። ከሕማማት ሰኞ ጀምሮ ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደርስለትም፣ ክርስትና አይነሣም፣ ኑዛዜ የለም፣ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ኀዘን ተቀምጣ ማንን ታጽናና፣ ስለዚህ በሆሳዕና እሑድ፣ ቅዳሴው እንዳበቃ፣ ካህኑ የሙታኑን ፍትሐት በቆመው ሕዝብ ሁሉ ላይ ያነባል፣ በሕይወት ባሉት ላይ፣ በሕፃኑም በሽማግሌውም፣ በሳምንቱ ለሚሞተው ስንቁን አስቀድሞ ያሲዘዋል። ሰዉ ዘንባባውን በጣቱ እንደ ቀለበት ጠቅልሎ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ የገዛ ፍትሐቱን ይሰማል። አስረስ ይኼን ሠላሳ ዓመት አንብቧል። ዘንድሮ አላነበበም።

ተኩስ ነበረ እኮ። ቅዳሴው እንዳለቀ፣ ሰዉ ግቢውን ሞልቶ፣ ከአምባሰል በኩል ጣጣጣ አለ፣ ከዚያ ከባዱ ተከተለ፣ ሕፃናት ጮኹ፣ አሮጊቶች ዘንባባ እንደያዙ መሬት ተኙ፣ ባለፈው ጥር አንድ ሰፈር ለቅሶ ላይ የተሰበሰበ ሰው እንዴት እንደተመታ ሁሉም ሰምቷል፣ ስብሰባ መስሎ መታየት አያስፈልግም፣ መጽሐፉን አጠፈና ልጆቼ በሰላም ግቡ፣ ቶሎ ቶሎ ተበተኑ፣ የቀረውን እኔ ውስጥ እጨርሰዋለሁ አለ። የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ሰዉ የያዘው ይቺን ቃል ነው፣ ካህን እጨርሳለሁ ካለ ጨርሷል፣ ማን ይጠረጥራል፣ ቤቱ ገብቶ ዘንባባውን ምሰሶ ላይ ሰክቶ ተፈትቻለሁ ብሎ ተቀመጠ። ካህን ምን ያድርግ እንግዲህ፣ ጥይት እኮ ነው፣ ጥይት ያስቀረውን እግዚአብሔርም ይረዳል። እንደሱ ብለህ ተወው እንግዲህ። እንደሱ ብለህ ተወውና ውጣ።

ሬሳው ይውጣ ይላል ከውጭ ድምፅ፣ የኑርዬ ነው፣ የቅሬው፣ የቀባሪው ዕድር ዳኛ፣ የየሺሀረግ ታላቅ ወንድም። በዚህ አገር ለመቅበር እስላም ክርስቲያን የለም፣ ቅሬው አንድ ነው፣ መቃብሩን ከጠዋት ጀምሮ ሐቢብም ገብሬም እየተቀያየሩ ቆፍረውታል፣ ኑርዬ ደግሞ ኬላው ድረስ ወርዶ ወታደሮቹን ለምኗል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨርሱ፣ ከዚያ በኋላ ሰው ተሰብስቦ እንዳናይ ብለውታል። አሁን ሰባት ተኩል ሆኗል። ቶሎ በሉ፣ ጀናዛ አይቆይም፣ ይላል ኑርዬ፣ አጎት ነው፣ ዓይኑ ደም መስሏል፣ ግን ዳኝነቱን አልለቀቀም፣ አንተ ቃሬዛውን ከዚያ ያዝ፣ አንተ ፊት ሁን፣ አባ አንቱ ቅደሙ።

አስረስ ይቀድማል። ዳገቱ ላይ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ወደ ቀኝ ሐይቁ ይታያል፣ ሰማያዊ፣ ዝም ያለ፣ ከማዶ እስጢፋኖስ ገዳሙ ዛፉን ለብሶ ተቀምጧል፣ የኔታ እዚያ ናቸው፣ ዐፈር ከለበሱ ሃያ ዓመት ሆናቸው፣ ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩት እዚያ ዛፍ ሥር ነው፣ ደብረ ዘይት፣ ሆሳዕና፣ ትንሣኤ ከእሑድ አይለቁም፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ዕርገት ከሐሙስ፣ ርክበ ካህናት ከረቡዕ፣ በል ድገም አስረስ፣ ልደት ረቡዕ ወይ ዓርብ ቢውልስ፣ ይበላል የኔታ፣ ጾም የለም፣ በዓሉ ጾሙን ያሸንፈዋል፣ ጎሽ፣ ጊዮርጊስ በሕማማት ቢውልስ፣ ሕማማቱ ያሸንፈዋል፣ በዓሉ ይሻገራል እንጂ አይሻርም፣ ጎሽ፣ በዚያው ሰው ቢሞትስ፣ የሆሳዕናው ፍትሐት ይበቃዋል፣ ጎሽ። አስረስ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ምላሱ ስለት ነው፣ የሆሳዕናው ሳይነበብ ቢቀርስ የኔታ ብሎ ጠየቀ። የኔታ እስኪያስላቸው ሳቁ። እንዲህ ያለ ካህን አልተወለደም አሉ።

ተወልዶ ነበር የኔታ። አጠገብዎ ተቀምጦ ነበር።

ቆይ ግን፣ ቆይ፣ በር መኖር አለበት፣ ሕግ ሁሉ በር አለው። ልደት ረቡዕን ካሸነፈ፣ በዓል ጾምን ማሸነፍ ከቻለ፣ ዛሬ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ነው፣ ሰማዕቱ አንገቱ የተቆረጠበት ቀን፣ ለደብሩም ዓመታዊ ነው፣ በገዛ ደብሩ፣ በገዛ ቀኑ፣ በስለት ለሰጠው ልጅ፣ አንዲት ሰዓት፣ አንዲት ግማሽ ሰዓት ብቻ ሕማማቱን ገለል አድርጎ፣ ሰማዕት ነው እኮ፣ ዘንዶ ገድሏል፣ አንድ ረቡዕ ያቅተዋል? አያቅተውም፣ ግን እንደሱ አይሠራም፣ ሕማማት ጾም አይደለም ዝም ብሎ፣ የጌታ ሞት ነው፣ ጊዮርጊስ ራሱ ቢጠየቅ እኔ ልለፍ ይላል፣ የጌታዬ ኀዘን ይቅደም ይላል፣ እና ደግሞ ዛሬ ሰማዕቱን በር አድርገህ ብትገባ የምታነበው ለደርበው ነው ወይስ ለራስህ፣ ንገረኝ እስኪ፣ ለራስህ ነው፣ ሳይታወቅብህ ነገሩን ለመድፈን፣ ለሰው ደግሞ ምን ልትል ነው፣ ትናንት ሕማማቱ ይበልጣል ያልክ ሰውዬ ዛሬ ምን ተገኘ ሲሉህ። እሺ እንግዲያስ ሰኞ። ሰኞ በማዕዶት ይነበብለታል፣ በሰልስቱ፣ በሰባቱ፣ በአርባው ይነበብ የለም እንዴ፣ አምስት ቀን ነው፣ አምስት ቀን ምን አላት፣ አዳም አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመን ጠብቆ የለ። ይኼን ለየሺሀረግ ንገራታ። ልጅሽ እንደ አዳም ይጠብቅ በላት።

ይኼ ሁሉ ዛሬ አልጀመረም። ሰኞ ማለዳ ቀና ሲል የመጀመሪያ ሐሳቡ ማን ሞተ የሚል ነበር። ማንም አልሞተም። ማክሰኞ የበሽተኞቹን ቤት በዓይኑ ቆጠረ፣ ያቺ ምጥ የቀረባት፣ ያ ሳንባው የታመመ፣ እያንዳንዱ ሳል ደረቱን ይወጋዋል፣ ስግደት ላይ ሆኖ ኪራላይሶን ሲል ልመናው አንድ ብቻ ነው፣ እስከ ማዕዶት ማንንም አትግደልብኝ፣ እስከ ማዕዶት ማንም ካልሞተ ማንም አያውቅም፣ ካህን ቁማርተኛ ሆነ፣ ያውም ጥይት እንደ ዝናብ በሚዘንብበት አገር። ለንስሐ አባቱ ልንገር ብሎም ነበር። ኑዛዜ የለም፣ ሕማማት ነው። በሩን ሁሉ የዘጋው እሱ ሆኖ ቁልፉ ከውጭ ነው።

አባ፣ ይላል ኑርዬ ከጎኑ ደርሶ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ምን ሆናችኋል፣ ፊታችሁ ጠፍቷል። ምንም፣ ደከመኝ። አብሽሩ፣ ሁላችንም ደክሞናል፣ ይቺን እህቴን ግን እዩዋት፣ ከተጣላናት ወዲህ እንዲህ ሆና አላየኋትም፣ ታውቁ የለ፣ ከሃይማኖቷ ወጥታ ላግባ ስትል አባታችን ሦስት ዓመት አላናገራትም፣ በኋላ ታረቁ፣ አልሀምዱሊላህ፣ አሁን ያለቻት ቤተ ክርስቲያኗ ናት፣ በሏ፣ ብቻ የምትሉትን በደንብ በሉላት። ይኼን ብሎ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ቃሬዛውን ሊቀበል፣ አስረስን ግን ጨረሰው።

እሱ ነው ያጠመቃት። ወጣት ቄስ ሆኖ፣ ጺሙ ገና ሳይሞላ፣ ሃይማኖት አስተምሮ አስተምሮ ሲጨርስ ጥያቄ አለሽ ቢላት አንድ ጠየቀች፣ ስለ ሥላሴ አይደለም፣ ስለ ጾም አይደለም፣ የኔ ሰዎች ለሞተ ሰው ይሰግዱለታል፣ ዱዓ ያደርጉለታል፣ ባዶውን አይሰዱትም፣ እናንተስ ብላ። እኛም ያለ ፍትሐት አንቀብርም አላት። እውነት? እውነት። እሺ አለች። በዚያ ነው የገባችው። ሌላ ሰው በትልልቁ ነገር ይገባል፣ እሷ በዚያች በር ነው የገባችው፣ በሯን ደግሞ የከፈተላት አስረስ ነው፣ ባሏን ስትቀብር ተነበበ፣ አማቷን ስትቀብር ተነበበ፣ በ2014 ሐይቅ ተይዛ በየጓሮው ሰው ሲቀበር እንኳ ተነበበ፣ ድንጋይ ሥር ተደብቆ፣ መብራት ሳያበራ፣ የሚያውቀውን በቃሉ እያለ፣ ያኔ ጥይቱ ከራስ ቅሉ አንድ ክንድ በላይ እያለፈ አነበበ።

ያኔ አነበብክ። እንግዲያስ ጥይቱ አይደለም።

ዝም በል። ጥይቱ ነው። አይደለም፣ ታውቃለህ፣ ተኩሱ ስድስት ሰዓት ላይ ቆሟል፣ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሙሉ ከሰዓት ነበረህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከቤትህ ሁለት መቶ ርምጃ ነው፣ መጽሐፉ አጠገብህ ነው፣ ብቻህን መቅደስ ገብተህ ብታነበው ይበቃ ነበር፣ አንተ ግን ከሌሊት የቆምክበት እግርህ አብጧል፣ ሽሮህን በላህ፣ ውኃ ጠጣህ፣ ጎኔን ጥቂት ላሳርፍ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሄዳለሁ አልክ፣ ጋደም አልክ። ስትነቃ ሐይቁ ጠቁሯል። ፀሐይ ገብታለች። ፀሐይ ከገባች ቀኑ የነገው ነው፣ ይኼን ለዲያቆናት የምታስተምረው አንተ ነህ፣ ሆሳዕና አልፏል፣ ሰኞ ገብቷል፣ በሩ ተዘጋ፣ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብለህ እጅህን አየህ። ፈርቼ ቢሆን ኖሮ፣ ፍርሃት እንኳ የሰው ነው። ተኝቼ ነው። ጌታ አንዲት ሰዓት መትጋት አቃታችሁ ያላቸው ሐዋርያት እንኳ ሌሊት ነበር የተኙት፣ እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ ሽሮ በልቼ።

የጊዮርጊስ ግቢ ደረሰ። መቃብሩ ከግራር ሥር ነው፣ አፈሩ ቀይ ነው፣ ገና እርጥብ። ቃሬዛው ወረደ። ሰዉ ክብ ሠራ፣ መቶ ይሆናል፣ መቶ ሃያ፣ ኮፍያም ነጠላም፣ ከወደ አምባሰል አንድ ጥይት ብቻዋን ጠሽ ትላለች፣ ሁሉም ያዳምጣል፣ ሌላ አትከተላትም፣ ኑርዬ ሰዓቱን ያያል፣ ስምንት ሰዓት ከሃያ። አባ፣ ይላል፣ ሕማማት ነው እናውቃለን፣ ማንበብ የለም፣ ብቻ ሁለት ቃል በሉና እናውርደው። ሁለት ቃል። የሆሳዕናው ይበቃዋል። ሁለት ቃል ናት፣ ልክ ሁለት ቃል፣ ለዚሁ የተሰፋች ትመስላለች፣ በላትና ውረድ፣ እናቲቱ እንቅልፍ ታገኛለች፣ ሰዉ ሳይመታ ቤቱ ይገባል፣ ሰኞ በማዕዶት አሟልተህ ታነብለታለህ፣ ማን ተጎዳ፣ ለሷ ብለህ ነው፣ ለእናት ብሎ መዋሸት ምን ኃጢአት አለው፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፣ ያላደረውስ እውነት፣ ተቀብሮ የቀረውስ።

ዓይኑን ያነሣል። ያዩታል። ሁሉም ያዩታል፣ ያቺ ምጥ የቀረባት ሆዷን ይዛ መጥታለች፣ ሳንባ በሽተኛው በትሩ ላይ ተደግፏል፣ ገብሬ አካፋውን እንደያዘ፣ እንደ ደርበው ባጃጅ የሚነዱት ሦስቱ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል፣ ነገ ሐሙስ እነዚህም መንገድ ይወጣሉ፣ ዓርብ ይወጣሉ፣ ሁሉም ስንቃቸውን የያዙ መስሏቸዋል፣ ማናቸውም አልያዙም። ስለ ደርበው ብቻ አይደለም እንግዲህ። አንድ ሰው አይደለም የተበደለው።

አልተነበበም፣ ይላል አስረስ።

ድምፁ የራሱ አይመስልም። ምኑ አባ፣ ይላል ኑርዬ። የሆሳዕናው ፍትሐት አልተነበበም፣ ውስጥ እጨርሰዋለሁ ብዬ በተንኳችሁ፣ አልጨረስኩትም፣ ተኩሱ አይደለም፣ ተኩሱ ቆሞ ነበር፣ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ፣ ስነቃ መሽቷል። ደርበው አልተፈታም። ማናችሁም አልተፈታችሁም።

ይሰድቡኛል ብሎ ነበር ያሰበው፣ አንዲት አሮጊት ብቻ ወየው ትላለች ቀስ ብላ፣ ገብሬ አካፋውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል፣ ምጥ የቀረባት ሴት ለባሏ አንድ ነገር ታንሾካሹካለች። የሺሀረግ ቃሬዛው ራስጌ ተንበርክካ ነው ያለችው። ትነሣለች። ጉልበቷ ላይ አፈር ተለጥፏል፣ አታራግፈውም፣ ወደሱ ትመጣለች፣ ትመታኝ ይሆን ይላል፣ ትምታኝ፣ እባክሽ ምቺኝ፣ አትመታውም።

ሆሳዕና ስንት ሰው ነበር የቆመው? ትላለች። ግቢው ሙሉ ነበር። እነዚህ ሁሉ ባዶ እጃቸውን ናቸው? ናቸው። አንቱም? እኔም። ከሰኞ ጀምሮ ታውቁ ነበር? አውቅ ነበር። ቅድም ቤቴ ስጠይቃችሁም? ራሱን ይነቀንቃል። ረጅም ጊዜ ታየዋለች፣ እንዲህ ታይቶ አያውቅም፣ በሚስቱም በጳጳስም፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ወንድሟ ታዞራለች። ኑርዬ፣ ትላለች፣ ባዶውን አላወርደውም።

ኑርዬ ያመነታል፣ ወደ አስረስ ያያል፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ፣ በካህን ግቢ፣ በካህን ፊት፣ አስረስ ምን ይበል፣ ይኼንንም የሚደነግግ ገጽ ባሕረ ሐሳብ ውስጥ የለም፣ ዓይኑን ወደ መሬት ይሰብራል፣ ኑርዬም ኮፍያውን አስተካክሎ ሁለት መዳፉን ይዘረጋል። ያረቢ፣ ይላል፣ ይኼን ልጅ ታውቀዋለህ፣ ጂዛን ስደት ላይ አንተው ነህ የጠበቅከው፣ የእናቱ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት እስኪደርስለት አንተው ያዝልን፣ ለቀሪዎቹም እዘንልን፣ እስከ ሰኞ ጠብቀን። አሚን ይላል ሰዉ፣ ኮፍያ የለበሰው ቀድሞ፣ ነጠላ ያጣፋው ተከትሎ፣ አስረስ የገዛ ድምፁን ከመሀላቸው ይሰማዋል፣ መቼ እንዳለው አያውቅም፣ ብሎታል።

ያወርዱታል። አፈሩ ይመለሳል። ቶሎ ቶሎ ነው የሚሠሩት፣ ድንጋዩ ይደረደራል፣ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሆኗል፣ ሰዉ ሁለት ሁለት እየሆነ ይበተናል፣ በአስረስ ፊት ሲያልፉ አንዳንዱ እጅ ይነሣል፣ አንዳንዱ አያየውም፣ ሳንባ በሽተኛው ቆም ብሎ እኔ እንኳ እስከ ሰኞ እሞክራለሁ ይለዋል፣ ቀልዱ ይሁን ምሩ አይታወቅም፣ ይኼው ነው የወሎ ሰው፣ ሲያዝንብህም ያስቅሃል፣ አስረስ ግን ሳቅ የለውም።

መቃብሩ ራስጌ ይቀመጣል። እንዲሁ፣ ሳያስበው፣ ከተቀመጠ በኋላ ነው ለምን እንደተቀመጠ የገባው። አባ ተነሡ እንጂ፣ ይላል ኑርዬ፣ ሰዓቱ ደረሰ፣ ወታደሮቹ ይመጣሉ። እዚሁ ነኝ። እስከ መቼ? እስከ ማዕዶት፣ ለጸሎቱ እገባለሁ፣ ሲያልቅ እዚህ እመለሳለሁ፣ ማንበብ አልችልም፣ ከሱ ጋር መጠበቅ ግን አልተከለከልኩም። ይመቷችኋል እኮ አባ፣ ማታ ማታ በጥላም ላይ ይተኩሳሉ። አውቃለሁ። ኑርዬ የትከሻውን ጋቢ አውልቆ ጉልበቱ ላይ ጣል ያደርግለታል፣ እህቱን ሊይዝ ወደ በሩ ይሄዳል።

እንግዲህ ረቡዕ ነው፣ የእንባ ቀን ይሉታል መጽሐፎቹ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ አምስት ቀን፣ አንተ ልጅ፣ አምስት ቀን አብረን ነን፣ አልተኛም፣ አልተኛም አልልህም፣ ሥጋ ነኝ፣ እንቅልፍ ከያዘኝ ግን እዚሁ ነው የሚይዘኝ፣ ጥይት ከመጣም እዚሁ ያገኘኛል፣ እንዳንተው ያልተፈታሁ፣ ያኔ ሁለት ሆነን እንጠብቃለን፣ እርምጃ ይሰማል፣ ወታደር ነው፣ አይደለም፣ ባዶ እግር ነው፣ ቀና አይልም።

ይቅር አላልኳችሁም፣ ትላለች የሺሀረግ ከበላዩ ቆማ።

አውቃለሁ።

የምልም አይመስለኝም።

እሺ።

ነጠላዋን ከወገቧ ትፈታለች፣ ወደ አምባሰል በኩል ታያለች፣ ወደ አፈሩ ታያለች።

ጠጋ በሉ፣ ትላለች።

ይጠጋል።